ከእንቁላል እስከ ክንፍ፦ ቢራቢሮን ማሳደግና በፎቶግራፍ መመዝገብ እንደ ምርምር መረጃ ምንጭ

መግቢያ

ስለ ቢራቢሮ ያለን ዕውቀት በአብዛኛው ስለ ክንፏ ያለን ዕውቀት ነው። በየሙዚየሙ በመርፌ ተሰክተው የሚገኙት ናሙናዎች ባመዛኙ ክንፍ ያወጡ ጉልምሶች ናቸው፤ በመስክ በካሜራና በስልክ የሚነሡት ምስሎችም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ቢራቢሮ ምን እንደምትመገብ፣ በምን እንደምትሞትና የት ልትራባ እንደምትችል በአመዛኙ የሚወሰነው ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ባሉት ሦስት ደረጃዎች ነው። እነዚህም እንቁላል፣ በተለምዶ አባጨጓሬ የሚባለው እጭ፣ እንዲሁም በሳይንሳዊ አጠራሩ ፑፓ የሚባለው ሙሽሬ ናቸው።

ቢራቢሮን ከእንቁላል ወይም ከእጭ ጀምሮ በቤት ውስጥ ማሳደግና እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ ማንሣት በብዙ አገሮች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ በምን ሁኔታ ለምርምር የሚያገለግል መረጃ እንደሚሆን ማስረዳት ነው። ዋናው መከራከሪያ አንድ ነው፤ የመረጃው ዋጋ የሚመነጨው ከምስሉ ውበት ሳይሆን ከሰንሰለቱ አለመበጠስ ነው። አንዲት ቢራቢሮ ከተገኘችበት ቅጠል አንሥቶ ክንፏን እስከዘረጋችበት ሰዓት ድረስ በአንድ መለያ ቁጥር፣ በቀን፣ በቦታና በምግብ ተክል ተያይዛ ስትመዘገብ፣ የተሰካ ናሙናም ሆነ አንድ የመስክ ምስል ሊሰጥ የማይችለውን መረጃ ትሰጣለች። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ማሳደግ የፈታቸው ጥያቄዎች

እጭን ከምግብ ተክሉ ጋር አያይዞ የመመዝገብ ልማድ ከካሜራ ይቀድማል። በ1647 በፍራንክፈርት የተወለደችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ገና በልጅነቷ የሐር ትልን ማሳደግ ጀምራ፣ በ1679 ስለ አባጨጓሬዎች ለውጥ የመጀመሪያውን መጽሐፏን አሳተመች። ከ1699 እስከ 1701 ድረስ በሱሪናም ቆይታም ያጠናችውን በ1705 አወጣች። የሥዕሎቿ አዲስነት እንቁላሉን፣ እጩን፣ ሙሽሬውንና ጉልምሱን በአንድ ገጽ፣ ከሚመገቡት ተክል ጋር ማሳየታቸው ነበር። ይህን ማድረግ የሚችለው ነፍሳቱን ይዞ ያሳደገ ሰው ብቻ ነው። በመስክ የታየ እጭ ወደፊት የትኛዋን ቢራቢሮ እንደሚሆን ከመልኩ ብቻ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልምና።

ይበልጥ አስረጂ የሆነው ምሳሌ ከአፍሪካ ይገኛል። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ በመባል የምትታወቀው ቢራቢሮ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫ ክንፍ፣ ጥቁር ጠርዝና በኋላ ክንፉ ላይ ጅራት መሰል ቅጥያ አለው። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የሚገኙት ሴቶች ግን ጅራት የሌላቸው ከመሆናቸውም በላይ፣ መልካቸው ከወንዱ ፈጽሞ የተለየና እርስ በርሱም የማይመሳሰል ነው። አብዛኛው የሴት መልክ በወፎች ዘንድ መራራነቱ የታወቀ ሌላ የቢራቢሮ ዝርያን ይመስላል። በዚህም ምክንያት የጥንቶቹ ሰብሳቢዎች ለየመልኩ የተለያየ የዝርያ ስም ሰጥተው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ይኖር የነበረው ሮላንድ ትራይመን በ1860ዎቹ መጨረሻ እነዚህ ሁሉ የአንድ ዝርያ ሴቶች መሆናቸውን ሲያስረዳ ሐሳቡ ተቃውሞ ገጠመው። በተሰኩ ናሙናዎች ላይ የሚደረግ ክርክር ጉዳዩን ሊቋጨው አልቻለም፤ የቋጩት በኋላ የተነሡት አርቢዎች ናቸው። ከአንዲት እናት እንቁላሎች የተለያየ መልክ ያላቸውን ሴት ልጆች በማውጣት አረጋገጡት።

ይህች ቢራቢሮ በኢትዮጵያም ትገኛለች። የኢትዮጵያው ንዑስ ዝርያ አንቲኖሪ የሚለውን ስም ያገኘው በ1882 በሸዋ በልጥ ማረፊያ ከሞተው ኢጣሊያዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኦራትዮ አንቲኖሪ ነው። ከሌሎቹ የሚለየውም አብዛኞቹ ሴቶች ወንዱን የሚመስሉ ሲሆን፣ ሌላ ዝርያን የሚያስመስሉት ጥቂት ሴቶችም እንኳ ጅራታቸውን አለማጣታቸው ነው። ስለ ማስመሰል አመጣጥ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የዳርዳኑስ ታሪክ በዚህ አላበቃም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲረል ክላርክ (1907–2000) ቢራቢሮ ማርባትን በትርፍ ጊዜው ይሠራ ነበር። የወንድና የሴት ቢራቢሮን በእጅ ይዞ የማዳቀል ዘዴ ስለ ነበረው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከዘረመል ተመራማሪው ከፊሊፕ ሼፐርድ ጋር ሆኖ የተለያዩ የዳርዳኑስ መልኮችን አዳቀለ። የሴቶቹ መልክ በዋነኛነት የሚወሰነው በአንድ የዘረመል ሥፍራ መሆኑንም አሳዩ። አንድ ላይ ተያይዘው የሚወረሱ ዘረመሎች ጉዳይ ክላርክን ተመሳሳይ ጥያቄ ወደሚነሣበት ወደ ሰው የአርኤች የደም ዓይነት አመራው። የሊቨርፑል ቡድኑ፣ በተመሳሳይ ጊዜ በኒውዮርክ ይሠራ ከነበረው ሌላ ቡድን ጋር፣ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አርኤች ፖዘቲቭ ከሆነው ልጇ ደም ጋር ስትገናኝ የምታመነጨውና ቀጣዩን ፅንስ የሚጎዳው ፀረ አካል እንዳይፈጠር የሚከላከለውን የፀረ ዲ መርፌ አስገኘ። ለዚህም ክላርክ በ1980 የላስከር ሽልማት ተጋሪ ሆነ። ቢራቢሮዋ መድኃኒቱን አልሰጠችም፤ ነገር ግን አንድን ሐኪም በትክክለኛው ጥያቄ ፊት አቆመችው።

ሦስተኛው ምሳሌ በኮስታ ሪካ የጓናካስቴ ጥብቅ ሥፍራ የተካሄደው ነው። ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በመሆን፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዱር የተገኙ አባጨጓሬዎችን እያሳደጉ እያንዳንዱን በመለያ ቁጥር፣ በምግብ ተክልና በምስል መዝግበዋል። በ2004 ይፋ በሆነ ጥናት አስትራፕተስ ፉልጌራቶር ተብላ ከ1775 ጀምሮ እንደ አንድ ዝርያ ስትቆጠር የኖረች ቢራቢሮ፣ ቢያንስ የ10 ዝርያዎች ድብልቅ ልትሆን እንደምትችል ከዘረመል መረጃ ጋር ተያይዞ ቀረበ። ትክክለኛው ቁጥር በኋላ አከራካሪ ቢሆንም ዋናው ትምህርት አልተለወጠም። ጉልምሶቹን ለመለየት እጅግ አዳጋች ሲሆን፣ እጮቻቸው ግን በቀለምና በሚመገቡት ተክል ይለያያሉ። ለዓመታት የተነሡት የእጭ ምስሎች ባይኖሩ ኖሮ የዘረመሉ ልዩነት ትርጉም ባላገኘ ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ለጥበቃ ሥራም የሚጠቅም አንድ መደምደሚያ ይወጣል። ጉልምስ ቢራቢሮ ከሩቅ በርራ ልትመጣ ስለምትችል፣ በአንድ ደን ውስጥ የተነሣች ምስሏ በዚያ ደን ለመራባቷ ማስረጃ አይሆንም። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የምትፈልሰው ቫኔሳ ካርዱይ ለዚህ ተጠቃሽ ናት፤ ከሰሃራ በስተደቡብ እንደምትራባ በ2016 በታተመ ጥናት የተረጋገጠው እጮቿ በመስክ በመገኘታቸው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት በቀሩት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ጥናት ለሚያደርግ ሰውም ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ጉልምሷ ማለፏን ትናገራለች፤ በተክሉ ላይ የተገኘው እጭ ግን ደኑ ለዝርያዋ መኖሪያ መሆኑን ይመሰክራል።

አንድ ተግባራዊ ምሳሌ፦ የሎሚ ቅጠል ቢራቢሮ

ለጀማሪ የምትመቸው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ናት። ይህች ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ዝንጉርጉር ክንፍ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በሰፊው ትገኛለች። እንቁላሏን የምትጥለው በሎሚ፣ በብርቱካንና በሌሎች የሩታሴ ቤተሰብ ተክሎች ላይ ነው። ሰዎች ለጥርስ መፋቂያ የሚጠቀሙበት ልምጭም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እንቁላሉ ድቡልቡል፣ ፈዛዛ ቢጫና ከስፒል ራስ የማይበልጥ ሆኖ በለጋ ቅጠል ላይ ለየብቻው ተጣብቆ ይገኛል። የሚፈለፈለው እጭ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የወፍ ኩስ ይመስላል። ቆዳውን አራት ጊዜ ገፍፎ አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። በሁሉም ደረጃዎች ሲነካ ከጭንቅላቱ ጀርባ ሹካ መሰል ለስላሳ አካል አውጥቶ የሚሰነፍጥ ሽታ ይለቃል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ለጋ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በውኃ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይተከላል፤ እጩ ወደ ውኃው ገብቶ እንዳይሞት የጠርሙሱ አፍ በጥጥ ይደፈናል። ሁሉም አየር በሚያስገባ፣ በወንፊት ጨርቅ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ኩሱ በየቀኑ መጠረግ፣ ቅጠሉም ሳይጠወልግ መለወጥ አለበት። እርጥበትና መጨናነቅ ሻጋታንና በሽታን ያመጣሉ። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ዛፍ የተቆረጠ ቅጠል በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም እጭ ሊገድል ስለሚችል ምንጩ መታወቅ ይኖርበታል።

እጩ መብላት አቁሞ መንከራተት ሲጀምር ደረቅና አረንጓዴ እንጨቶች ይዘጋጁለታል። በጅራቱ ጫፍ ተጣብቆ፣ በወገቡ ላይ ባሰረው የሐር ክር ተደግፎ ወደ ሙሽሬነት ይለወጣል። ሙሽሬው እንደ አካባቢው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ስለሚሆን፣ የተጣበቀበት ነገር ቀለምና ሻካራነት አብሮ መመዝገብ አለበት። ጉልምሷ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥላ የምትዘረጋበት በቂ ክፍት ቦታ ካጣች ክንፏ እንደተጨማደደ ይደርቃል። ክንፉ በደቂቃዎች ውስጥ ቢዘረጋም ለበረራ የሚጠነክረው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የዕድገቱን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው። ነፍሳት ከተወሰነ ዝቅተኛ ሙቀት በታች አያድጉም፤ ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት በየቀኑ እየተደመረ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ደረጃው ይጠናቀቃል። ለማስረዳት ያህል ዝቅተኛው ወሰን 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ አማካይ ሙቀቱ 18 የሆነበት ቀን 8፣ 26 የሆነበት ቀን ደግሞ 16 ነጥብ ያስመዘግባል። ስለዚህ ሞቃቱ ሥፍራ ያው ዕድገት በግማሽ ቀናት እንዲጠናቀቅ ያስችላል። ሁለት አርቢዎች አንዱ በድሬዳዋ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ሆነው ቀኑን ብቻ ቢመዘግቡ ውጤታቸው የሚጋጭ ይመስላል። ከሣጥኑ አጠገብ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ዕለታዊውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ቢመዘግቡ ግን ሁለቱ ውጤቶች የአንድ ግራፍ ነጥቦች ይሆናሉ።

ፎቶግራፉ መረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

የመጀመሪያው መስፈርት ልኬት ነው። በእያንዳንዱ የምስል ስብስብ ቢያንስ አንዱ ምስል ከነፍሳቱ ጋር በእኩል ርቀት ላይ የተቀመጠ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ሊኖረው ይገባል። የዚህ ጥቅም የሰውነትን ርዝመት ከማወቅ ይሻገራል። የእጭ ሰውነት በበላ ቁጥር የሚለጠጥ ሲሆን፣ ጠንካራው የራስ ቅሉ ግን የሚያድገው ቆዳ በሚገፈፍበት ጊዜ ብቻ ነው። ሃሪሰን ዳያር በ1890 እንዳሳየው፣ የራስ ቅል ስፋት ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያድገው በተቀራራቢ ጥምርታ ነው። ስለሆነም ከፊት የተነሣና ልኬት ያለው ምስል፣ መቼ እንደተፈለፈለ ያልታወቀ እጭ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለመገመት ያስችላል።

ሁለተኛው መስፈርት የአቅጣጫ ወጥነት ነው። እጭ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት፤ ሙሽሬ ከጎንና ከጀርባ፤ ጉልምስም በክንፉ የላይና የታች ገጽ መነሣት ይኖርበታል። ብዙ ዝርያዎች የሚለዩት በክንፋቸው የታች ገጽ ሆኖ ሳለ፣ ለውበት ሲባል የሚነሣው ብዙ ጊዜ የላዩ ብቻ ነው። የምግብ ተክሉም ቅጠሉ፣ አቀማመጡና ከተገኘ አበባው ወይም ፍሬው ሳይቀር መነሣት አለበት። የተበላ ቅጠል ቁራጭ ብቻውን ለዕፅዋት ተመራማሪ በቂ አይደለም።

ሦስተኛው የብርሃንና የጥራት ጉዳይ ነው። በማክሮ ሌንስ ነፍሳቱን በቁመቱ ልክ ስናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት እጅግ ጠባብ ይሆናል። የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብ ግን ምስሉ በጠቅላላው ይደበዝዛል። ስለዚህ መካከለኛ ቀዳዳ መርጦ የካሜራውን ፊት ከነፍሳቱ ጎን ጋር ትይዩ ማድረግ ይመረጣል። ፍላሽ በነጭ ወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ሲለዝብ የእጩን ገጽ ከማንጸባረቅ ያድናል። ስልክ ብቻ ላለው ሰውም ደመናማ የቀን ብርሃንና ተጨማሪ የማክሮ መነጽር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ጉልምስን በማቀዝቀዣ አደንዝዞ ማንሣት ግን ነፍሳቱን የሚያስጨንቅ ከመሆኑም ሌላ አቋሙን ስለሚለውጥ፣ ጠባይን ለሚያጠና ሰው አሳሳች ነው።

አራተኛው፣ በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻው፣ የጊዜ አመዘጋገብ ነው። ካሜራ በምስሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ቀንና ሰዓት ብዙውን ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ የአርቢው ማስታወሻ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት በቀላሉ ይታወቃል፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ግን ተደብቆ ይቀራል። «ሙሽሬዋ በ3 ሰዓት ተከፈተች» የሚል ማስታወሻ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ካልተገለጸ፣ ሌላ ተመራማሪ ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ ባለው ክፍል ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ አንዱ አቆጣጠር ተመርጦ በመዝገቡ ራስጌ ላይ መጻፍ፣ የካሜራውም ሰዓት ከሥራው በፊት መስተካከል አለበት።

ቢራቢሮ ያልሆኑት እጮች

ብዙ አርቢዎች ከሙሽሬ ቢራቢሮ ሳይሆን ትናንሽ ተርቦች ወይም ዝንቦች ሲወጡ ሥራው እንደከሸፈ ቆጥረው ይጥሉታል። በምርምር ዓይን ግን ከሁሉ የላቀው መረጃ ይህ ሊሆን ይችላል። ጥገኛ ተርቦችና ዝንቦች እንቁላላቸውን በእጩ ወይም በሙሽሬው ላይ ወይም ውስጥ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸውም ባለቤቱን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። የትኛው ጥገኛ የትኛውን ቢራቢሮ እንደሚያጠቃ በእርግጠኝነት የሚያሳየው አንዱን ከሌላው ውስጥ ሲወጣ መመልከት ነው።

ይህ ለግብርናም ይጠቅማል። የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ እጭ ለቢራቢሮ ወዳጅ ውብ ቢሆንም ለብርቱካንና ለሎሚ ችግኝ አልሚ ተባይ ነው፤ ጥቂት እጮች የአንድን ለጋ ችግኝ ቅጠል ጨርሰው ሊበሉ ይችላሉ። በየአካባቢው የትኞቹ ጥገኞች በየትኛው ወር እንደሚበዙ የሚያሳይ መዝገብ፣ ያለ ኬሚካል መከላከልን ለሚያስብ ባለሙያ መነሻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የዘዴ ጥንቃቄ አለ። በእንቁላልነቱ ተሰብስቦ በቤት ያደገ ነፍሳት እጭን ለሚያጠቁ ጥገኞች ፈጽሞ አልተጋለጠም፤ በአምስተኛው ደረጃ የተሰበሰበው ግን ለሳምንታት ተጋልጧል። ሁለቱን ደምሮ አንድ የጥቃት መጠን ማውጣት የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነፍሳት በየትኛው ደረጃ እንደተሰበሰበ፣ መጨረሻውም ምን እንደሆነ፣ ማለትም ጉልምስ መሆኑ፣ በጥገኛ መሞቱ፣ በበሽታ መሞቱ ወይም መጥፋቱ መመዝገብ አለበት። የሞቱትን የማያሳይ መዝገብ የተሳካላቸውን ብቻ የሚያወራ ታሪክ እንጂ መረጃ አይደለም።

ገደቦችና ጥንቃቄዎች

ማሳደግ በራሱ ጥበቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለዚህ ብዙ የተጠናችው የሰሜን አሜሪካዋ ሞናርክ ቢራቢሮ ናት። በተጨናነቀ ሣጥን ሲያሳድጓት፣ በጉልምሷ ሰውነት ላይ በሚገኙ ዘሮች አማካይነት ወደ እንቁላልና ወደ ቅጠል የሚተላለፍ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ በቀላሉ ይስፋፋል። ከዚህም በላይ በ2019 የወጣ ጥናት በቤት ውስጥ ያደጉ ሞናርኮች በመፈተኛ መሣሪያ ውስጥ ወደ ደቡብ የመብረር ዝንባሌያቸውን እንዳጡ አመለከተ። በ2021 በካናዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ አቅጣጫ ያጡት በመስክ ሲለቀቁ አብዛኞቹ ወደ ደቡብ መብረራቸውን አሳየ። ከሁለቱ የምንረዳው የቤት ውስጥ አስተዳደግ ጠባይን ሊነካ እንደሚችልና በሣጥን ውስጥ የታየን ጠባይ የዱር ጠባይ አድርጎ መጻፍ እንደማይገባ ነው።

ስለሆነም ጥቂት ነፍሳትን በጥንቃቄ ማሳደግ ብዙዎችን ከማጨቅ ይሻላል። ጉልምሶች የሚለቀቁት እንቁላሉ ወይም እጩ በተገኘበት ሥፍራ ብቻ ነው፤ የአንድን ክልል ቢራቢሮ ወደ ሌላው ማዛወር የሥርጭት መረጃን ያበላሻል፤ በሽታም ሊያሰራጭ ይችላል። በብሔራዊ ፓርኮችና በሌሎች ጥብቅ ሥፍራዎች ያለ ፈቃድ መሰብሰብ አይገባም፤ በቤተ ክርስቲያን ደኖችም የደብሩን አስተዳዳሪዎች ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ምስልም በሁሉም ጊዜ ናሙናን አይተካም፤ ጥገኛ ተርቦችን የመሰሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚለዩት በማይክሮስኮፕ ስለሆነ፣ በንጹሕ አልኮል ውስጥ ተጠብቀው የእናት መዝገባቸውን ቁጥር መያዝ አለባቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ጉዳዮች እንደሚያሳዩት፣ ማሳደግ የፈታቸው ጥያቄዎች ናሙና በመሰብሰብ ብቻ ሊፈቱ የማይችሉ ነበሩ። የዳርዳኑስ ሴቶች የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው፣ የአስትራፕተስ እጮች መለያየት፣ የጥገኛና የባለቤት ግንኙነት፣ ሁሉም የታወቁት አንድ ሰው አንድን ነፍሳት ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለተከታተለ ነው። ፎቶግራፍ ይህን ክትትል ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል መልክ ያቆየዋል።

ይህ ሥራ የተራቀቀ ቤተ ሙከራ ስለማይጠይቅ አነስተኛ በጀት ላለው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ተደራሽ ነው። ለምሳሌ ጤና አዳምና ሎሚ ሁለቱም ከሩታሴ ቤተሰብ ናቸው፤ ጎን ለጎን በሚበቅሉበት ግቢ እናት ቢራቢሮ እንቁላሏን በየትኛው ላይ እንደምትጥልና እጮቹ በየትኛው ፈጥነው እንደሚያድጉ መከታተል ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው። በየቆላው መንገድ ዳር የሚበቅለውና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ጦቢያም፣ መራራነቷን ከእጭነቷ ምግብ የምታገኘው የዳናውስ ክሪሲፐስ መኖሪያ በመሆኑ ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል።

የባዮሎጂና የግብርና ትምህርት ክፍሎች አንድ ወጥ የመዝገብ ቅጽ ቢያዘጋጁ በየቤቱ ተበታትኖ የሚቀረው ምልከታ ሊደመርና ሊነጻጸር ይችላል። ቅጹ መለያ ቁጥር፣ ቦታና ከፍታ፣ የምግብ ተክል፣ የተሰበሰበበት ደረጃ፣ ዕለታዊ ሙቀት፣ የለውጥ ቀናት፣ የምስል ቁጥሮችና የመጨረሻ ውጤት ቢኖሩት ይበቃል። አንድ ደን በተመነጠረ ቁጥር የሚጠፋው የእጮቹ ምግብ ነው፤ የትኛው ተክል የየትኛው እጭ ምግብ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተመዘገበ፣ ምን እንደጠፋ እንኳ ለመናገር አይቻልም።